በጆሮ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች

አርቪድ ክሌም ሰው ሲያናግረው ዓይን አያይም፤ ከንፈር ነው የሚያየው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወተት ፋብሪካ ቱቦ ሲበይድ ኖሮ የጆሮውን ግማሽ እዚያው ትቶት ወጣ። ጡረታ ወጥቶ እኛ ሜዳ ሲመጣ የተረፈውን ግማሽ ለሮታሪ ሞተር ገበረ። ከተማ ውስጥ «ደንቆሮው ማርሚታ ሠሪ» እያሉ ሲስቁበት ወሬው ደርሶት አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአርቪድ ጆሮ ግን ከባዳም የባሰ ነው።

እኔ ቨርና ቴሽ ነኝ። ሁለት ጥድ የሚባለውን የትንንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ ሜዳ ሣር የማጭደው፣ በሩን ጠዋት የምከፍተውና ማታ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለ አርቪድ ብዙ ስለሚወራ ነው፤ የሚያወሩት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አብረውት ተቀምጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በዚያ አርብ ቁልፉን ያዞረው የእሱ እጅ አይደለም፤ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

ሜዳችን ላይ ዘጠኝ አውሮፕላን አለ። ዘጠኙንም ባለቤቶቻቸው በየጋራዣቸው ቆርጠው፣ አጣብቀው፣ በይደው የሠሯቸው ናቸው። አራቱ የሚበሩት በሮታሪ ሞተር ነው። ሮታሪ ፒስተን የለው፣ ባልቦላ የለው፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል፣ በቃ። ከተጋጨ የስፖርት መኪና ላይ ይፈታል፤ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እንደ በቅሎ ቻይ ነው። ክፉ አመሉ ጩኸቱ ነው። ጭሱ ከሞተሩ ሲወጣ ገና ነዶ አልጨረሰም፤ ቱቦው ፍም ይመስላል። ተራ የመኪና ማርሚታ ብታስርለት ሆድ ዕቃውን በልቶ በሁለት ሳምንት ይተፋዋል።

ሰው ከሦስት ግዛት ድረስ አርቪድን ፍለጋ የሚመጣው ለዚህ ነው። እሱ ማርሚታውን ከማይዝግ ብረት ይጠቀልልና ሆዱ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ክብ ላሜራዎች ይደረድራል፤ እኛ ወንፊት እንላቸዋለን። ጩኸቱ በየወንፊቱ እየተበጣጠሰ ደክሞ ይወጣል። ከውጭ ደግሞ ሌላ ስስ ላሜራ ያለብሰዋል፤ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ የሚገባው ነፋስ በሁለቱ መካከል እያለፈ እንዲያቀዘቅዘው። «ድምፅ ማፈን ማንም ያፍናል» ይላል። «ሞተሩን ሳታፍን ድምፁን ማፈን ነው ሥራው።»

የሚፈትሽበት መንገድ ደግሞ የራሱ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የአሮጌ መዶሻ እጀታ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ሌላውን ጫፍ ማርሚታው ላይ በተበየደው ማሰሪያ ብረት ላይ ያሳርፋል። ድምፁ በእንጨቱ በኩል አልፎ በመንጋጋው ወደ ራሱ ይገባል። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆይና «ሁለተኛው ወንፊት ጠቧል» ይላል። ተከፍቶ ሲለካ በእርግጥም ጠቧል። አፉ ውስጥ እንጨት ይዞ ሲያዩት እንግዶች ይስቃሉ፤ ማርሚታው ተከፍቶ ሲለካ ግን ሳቃቸው ይቀራል።

እኛ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረን። ሁለት ጥድ ላይ ማንም ቀና ብሎ ሰማይ አያይም ነበር፤ አውሮፕላን የምንቆጥረው በጆሮ ነው። የእኔ ይንጣጣል፣ የአንዱ ያፏጫል፣ የሌላው ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ያንኮራኩራል። ማታ የሄደው ሁሉ ሲመለስ ከሰማሁ በሩን ቆልፌ እወጣለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ አድርገን አንድም ቀን አልተሳሳትንም፤ ኩራታችንም ይኸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጀርባችንን ለሜዳው ሰጥተን ማን እንዳረፈ በስሙ እየጠራን ጉድ እናሰኘው ነበር።

ዴል ሶቦታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ረጅም፣ ለፍላፊ፣ ሰው ማናደድ የሚወድ ሰው ነበር። አርቪድ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ጓደኛ እሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ዳር ያለውን የአርቪድን ጋራዥ በር በእግሩ ገፍቶ ይገባል።

«አንተ ደንቆሮ፣ ዛሬስ ምን ሰማህ?»

«ያንተን ወሬ እንዳልሰማ እግዜር ጆሮዬን ወሰደልኝ።»

«ሞተሬንስ?»

«ሞተርህ ካንተ የተሻለ ቁም ነገር ያወራል።»

ይህን ሳይባባሉ ሥራ አይጀምሩም። አንድ ቀን ዴል በጉንፋን ቀርቶ አርቪድ እስከ ቀትር አንድ ቡሎን ሳይፈታ ተቀምጦ አይቼዋለሁ።

በዴል የመጨረሻ ዓመት፣ በጸደይ፣ ጎረቤቶች ጩኸቱ በዛብን ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ሜዳው ይዘጋ ለማለት ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚበረው ዴል ነበር፤ ሊያርፍ ሲልም በቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብራው የምትኖረው ልጁ ኮሪን ድምፁን ስትሰማ ድንቹን ዘይት ውስጥ ትጨምራለች። ስለዚህ ጥፋቱ የእሱ ነው ተባለና አርቪድ ዘንድ መጣ።

«አራተኛ ወንፊት አስገባልኝ።»

«ሦስት ይበቃዋል» አለ አርቪድ።

«ሜዳው ይዘጋብሃል እኮ። ከዚያ ማን ያናግርሃል? እዚያ ቤትህ ከግድግዳ ጋር ልታወራ ነው?»

አርቪድ አጉረመረመና ሠራለት። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ ወዲያ የዴል አውሮፕላን ሲያልፍ ሹክሹክታ ሆነ። ጋዝ ሲቀንስ ብቻ እንደ ጨዋ ሰው ሁለት ጊዜ ያስላል፤ እህ፣ እህ። ፊርማውም ተረሳ፣ ሜዳውም ተረፈ።

ያ አርብ በጥቅምት መጨረሻ ነበር። ዴል ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ብቻውን ተነሳ፤ ሌላ ማንም አልወጣም። ነፋሱ አጥንት ይሰብር ስለነበር እኔ ሜዳውን ትቼ አርቪድ ዘንድ ገባሁ፤ በሩን ዘግተን ምድጃው አጠገብ ተቀመጥን። እሱ ላሜራ ይቆርጣል፣ እኔ የማጨጃዬን ምላጭ እስላለሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ላይ ሰማነው። ከምዕራብ መጣ፣ በጥዶቹ አናት ዞረ፣ ጋዝ ቀነሰ፣ እህ እህ አለ። ጎማው ሣሩን ሲነካ ሰማሁ። እየተንከባለለ ከሃንጋሩ፣ ከአውሮፕላን ማደሪያው፣ ኋላ አለፈና ሞተሩ ጠፋ።

አርቪድ ራሱን እንኳ ሳያነሳ «ዴል ገባ» አለ።

እኔም ወጥቼ በሜዳው በር ላይ ቁልፉን አዞርኩ። የዴል ሃንጋር በሩ ዝግ ነበር፤ እሱ ሲነሳም ሲመለስም ይዘጋዋል፤ ከተመለሰም በጓሮ መንገድ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳንድ አርብ ከእኛ ጋር ዓሣ ጥብስ ሊበላ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከልጁ ጋር ይበላል። ዛሬ ከልጁ ጋር ነው አልን። ኮሪን ደግሞ ዛሬ ከእነሱ ጋር ነው ብላ፣ ሌሊት ተነስታ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ለሥራ የምትሄድ ስለሆነ፣ በጊዜ ተኛች። እኛ ከተማ ወርደን ዓሣችንን በጥቅል ጎመን ሰላጣ በላን። ጥሩ ዓሣ ነበር፤ ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል።

ሌሊት አስር ሰዓት ኮሪን ደወለችልኝ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው አለች።

ጎህ ሲቀድ አገኘነው። ከሜዳው አምስት ኪሎ ሜትር ላይ የክራንቤሪ እርሻ አለ፤ በዚያ ሰሞን ለለቀማ በውሃ ያጥለቀልቁታል፣ ቀዩ ፍሬ ተንሳፍፎ ውሃውን ይሸፍነዋል። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ፍሬው ውስጥ ተተክሎ ነበር። ዴል ግን ውስጡ አልነበረም። እግሩ ተሰብሮ በክንዱ እየተሳበ እስከ ግድቡ አፈር ድረስ ወጥቷል። የመቀመጫውን ትራስ ነቅሎ ደረቱ ላይ አድርጎታል። ፊቱ ወደ ሜዳው ነበር።

ሐኪሙ ሲያስረዳን ቃላት አላሳመረም። አደጋው አልገደለውም፤ ብርዱ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት፣ ምናልባትም ከዚያም በኋላ፣ በሕይወት ነበር። ዴል ራሱ ሞተሩ ላይ ያሰራት የሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ ነበረች፤ ሞተሩ የቆመው አስር ሰዓት ከሃያ ሁለት ነው ትላለች። እኛ የሰማነው ከዚያ አርባ ስምንት ደቂቃ በኋላ ነው።

መንፈስ ነው እንዳልል ሰውየው ገና አልሞተም ነበር። እዚያ ግድብ ላይ ጋደም ብሎ ወደ ሜዳው አቅጣጫ እያየ ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው። አርቪድ ማንም ሳይጮህበት አይሰማም። በዚያች ሰዓት ጥርሱ ላይ ምንም አልነበረም። በሩ ዝግ፣ ነፋሱ ውጭ እያፏጨ፣ ያን ሹክሹክታ እንዴት ሰማው?

ፖሊስ ሲጠይቀን «ቤቱ የገባ መስሎን ነው» አልን። ሰማነው አላልንም። አልተማከርንም፤ እኔ አርቪድን አየሁት፣ እሱ ከንፈሬን አየ፣ ሆድ ይፍጀው ብለን ተለያየን።

በኅዳር፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስን። ያ ድምፅም ሰዓቱን አብሮን መለሰ። የመጀመሪያው ከባድ በረዶ የወረደ አርብ፣ ልክ አስራ አንድ ሰዓት ከአስር፣ መጣ። በጥዶቹ ዞረ፣ አሳለ፣ አረፈ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። በረዶው ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነው፤ የጎማ ፈለግ ቀርቶ የወፍ እግር አልነካውም። ሜዳው ኮሽ አይልም። ዘወር ስል አርቪድ በሩ ላይ ቆሟል፣ ያለ ኮት። ገባና በሩን ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ አርቪድ ሥራ አቆመ። ከሚኒሶታ ድረስ ሞተር ጭኖ የመጣን ሰው «እጄን ያመኛል» ብሎ መለሰው። እጁ ደህና ነው፤ ነገሩ ሌላ ነው። ያንን የዴልን ማርሚታ ከፍቶ ካላየ ሌላ ሊሠራ አይችልም። ዴልን የጣለው የእሱ እጅ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ፈለገ፤ ባይፈልግም ማወቅ ነበረበት። ስብርባሪው ደግሞ መርማሪዎቹ ዘንድ ተቆልፎበት ክረምቱን ከረመ። አርቪድ ከሳ፣ ጢሙ አደገ፣ ምሳውን ረሳ። እኔ ሾርባ እየያዝኩ ሄጄ እየጮህኩ አበላዋለሁ፤ በእሱ ላይ መጮህ ደግሞ ነውር የለበትም።

በየካቲት አንድ ቀን ከበሩ ላይ በእጁ ጠራኝ።

«ቨርና፣ ነይ እስቲ። ይቺን ንከሻት።»

«ምኑን?»

«እጀታዋን።»

«ያንተ ምራቅ ያለበትን? ጤና የለህም እንዴ?»

«ንከሻት አልኩሽ።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ማርሚታ ተኝቷል፤ ባለቤቱ ረስቶት የሄደ፣ ከምንም ያልተያያዘ፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ። በቀሚሴ ጠርጌ እጀታውን ነከስኩ፣ ጫፉንም ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ መንጋጋዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ፤ ሩቅ፣ ለስላሳ፣ የማይቋረጥ። ከዚያም አሳለ፤ እህ፣ እህ።

እንጨቱን ተፍቼ ወደ ኋላ አልኩና መዓት ስድብ አወረድኩበት። አርቪድ ከንፈሬን እያየ እስክጨርስ ጠበቀ።

«እንግዲህ እኔ አላበድኩም» አለ። ከዚያ ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ፦ «ወይም ሁለታችንም ነን።»

ግንቦት ሲገባ ስብርባሪው ለቤተሰቡ ተመለሰ። መርማሪዎቹ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ቆመ ብለው ጽፈው ነበር፤ ለምን እንደጋለ አልጻፉም። በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮሪን በፒክአፕ መጣችና ማርሚታውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ገባች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የአባቷ፣ ዝምታዋ የእናቷ። ብርድ ልብሱን አርቪድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አጎቴ አርቪድ፣ ክፈትልኝ» አለች፤ እንዲያያት ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ። «እኔ እያየሁ።»

«ምን እንደማገኝ ብታውቂ...»

«ለዚህ ነው የመጣሁት።»

እኔ ልወጣ ስል «አንቺም ሁኚ፣ ቨርና» አለችኝ። በሩን ዘግቼ ተመለስኩ።

አርቪድ ማርሚታውን አንስቶ ነቀነቀው። ውስጡ ሳህን የወደቀ ያህል ተንኳኳ። በዚያች ቅጽበት ያወቀ ይመስለኛል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን አላቆመም። መቁረጫውን አነሳ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ከአንገቱ ጀምሮ ዙሪያውን በልኩ ቆረጠው። እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሲከፈት ሦስቱ ወንፊቶች በየቦታቸው ናቸው፤ ጠቁረዋል እንጂ አልተነቃነቁም። አራተኛው ግን ከብየዳው ላይ ተቀዶ፣ ተጣጥፎ፣ የመውጫው ቀዳዳ ላይ ልክ እንደ ውታፍ ተሰክቷል። ቅድም የተንኳኳው ከእሱ የተሰበረ ቁራጭ ነው። ጭሱ የሚወጣበት አጥቶ ሞተሩን አፍኖታል።

አርቪድ ጎንበስ አለ። ከዚያ አውራ ጣቱን በተቀደደው ብየዳ ላይ አስኬደ።

«የወተት ቱቦ ስትበይጂ ክፍተት አይተውም» አለ። የሚያወራው ለኮሪን ነው፤ ዓይኑ ግን ብረቱ ላይ ነው። «የጸጉር ስንጥቅ እንኳ። ወተት ይገባበታል፣ ይበሰብሳል፣ ሰው ይታመማል። ሠላሳ አንድ ዓመት ዙሪያውን ድፍን አድርጌ በይጃለሁ። ማርሚታ ግን ሌላ ነው። ወንፊቱ ሲግል ይለጠጣል፤ የሚለጠጥበት ቦታ ልትተዪለት ይገባል። አውቃለሁ እኮ። ለሌላው ሁሉ እተዋለሁ። ይኼ ግን ያባትሽ ነው ብዬ... ከእጄ የሚወጣው ምርጡ እንዲሆን ፈለግኩ። ክፍተት ብተው የሰነፍኩበት መሰለኝ። ድፍን አደረግኩት።» ብረቱን አስቀመጠ። «እኔ ነኝ ያፈንኩት፣ ኮሪን። ሌላ ማንም የለበትም።»

አርቪድ አላበቃም፤ ቁስሉን አንዴ ከከፈተው ወዲያ ሁሉንም ሊያወጣው ቆርጧል።

«የባሰም አለ። ያን ቀን ማታ ሲያርፍ ሰምቼዋለሁ። አስራ አንድ ሰዓት ከአስር። ዞረ፣ አሳለ፣ አረፈ። ዴል ገባ አልኩ። እኔ ገባ ባልል ቨርና አትዘጋም ነበር፤ ወጥተን እንፈልገው ነበር። ጨለማ ሳይሆን እንደርስለት ነበር። መሣሪያዋ አስር ከሃያ ሁለት ትላለች። ታዲያ ምን እንደሰማሁ አላውቅም። ሰምቻለሁ ግን።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ። ስድስት ወር ሙሉ ለማንም ያላልኩት ነበር።

ኮሪን የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ትጮህብናለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህም ይገባት ነበር። ድምፅዋ ሲወጣ ግን የሕፃን ድምፅ ነበር።

«እኔም ሰምቼዋለሁ።»

አርቪድ ከንፈሯን ያየው አልመሰለኝም። እንደገና አለችው፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች።

«እኔም ሰምቼዋለሁ። በቤቱ ላይ ዞረ። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ድንቹን ዘይት ውስጥ ጨመርኩት። ሳህኑን አቀረብኩለት። ሲዘገይ ከእናንተ ጋር ሄዷል ብዬ ሸፍኜለት ተኛሁ። ለፖሊስ ቴሌቪዥን ከፍቼ ነበር፣ አልሰማሁም አልኳቸው። የመጣሁት... እናንተ አልሰማንም ብትሉኝ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ ያበድኩት ልል ነበር። እናንተ ልትፈልጉት ትችሉ ነበር ብዬ ልጠላችሁም ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። ማንም ቢደውልልኝ ኖሮ፣ ቤት ገብቷል፣ አሁን ሰማሁት እል ነበር።»

ውጭ የእኔ ማጨጃ ትራክተር ሞተሩ ሳይጠፋ ያጉረመርማል፤ ረስቼው ነው። አርቪድ በዘይት የጠቆረ እጁን ዘርግቶ ጉንጯን ነካ፣ ጥቁር ምልክት ቀረባት፣ አልጠረገችውም። ከዚያ ያ ሰው፣ በሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ ያላለቀሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷ ጀርባውን ትደባብሰው ነበር፤ እኔ ወጥቼ ትራክተሩን አጠፋሁ።

ይኸው አራት ዓመት ሆነ። አርቪድ ወደ ሥራው ተመልሷል። ከጋራዡ የወጡትን ማርሚታዎች ሁሉ በስልክና በደብዳቤ እያሳደደ ሰብስቦ በነጻ ከፍቶ አያቸው፤ ሌላ ድፍን የተበየደ አላገኘም፤ የዴል ብቻ ነበር። ሜዳችንም በጆሮ መቁጠር ትቷል። አሁን ያረፈ ሰው ሁሉ በእግሩ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እጁን ካልጨበጥኩ በሩ አይቆለፍም። ወጣቶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ባለፈው ክረምት የአርቪድ ጆሮ ፈጽሞ ተዘጋ። እጀታውን ነክሶ እንኳ የሚንቀጠቀጥ እንጂ የሚሰማ የለም ይላል። ከኋላው ቆመህ ጠመንጃ ብትተኩስ አይዞርም።

ግን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አርብ አርብ፣ ከተማ ውስጥ ዓሣችን ፊታችን ቀርቦ ሳለ፣ ራሱን ቀና ያደርጋል። ሹካውን ያስቀምጣል። እኔም ድምፁን ሰምቼ ነው ወደ እሱ ዞር የምለው፤ ሰዓቱን ማየት አያስፈልገኝም። ኮቱን ይለብሳል፣ እኔም ቁልፌን አነሳለሁ። ከተማው ከሜዳው አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ ድረስ የሚሰማ ሞተር ማንም አልሠራም።

ወደ ክራንቤሪው የሚወስደው የአፈር መንገድ ጋ ስንደርስ የኮሪን ፒክአፕ ቀድሞን ቆሟል፤ መብራቱ በርቷል፣ ኮሪን ባትሪና ሁለት ብርድ ልብስ ይዛ ወርዳለች። አንጠያየቅም። ግድቡን ይዘን እስከ ቦታው በእግር እንሄዳለን፤ አርቪድ መሃላችን ነው፣ ጨለማ ላይ ከንፈር ስለማያይ እጁን እንይዘዋለን። ኮሪን በባትሪው ውሃውን፣ አፈሩን፣ ሣሩን ታበራለች፤ በደንብ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ማንም የለም። ማንም እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። ቢሆንም እናያለን፤ አንድ ጊዜ ሳንመጣ ቀርተናል።

ስንመለስ ዓሣው ቀዝቅዞ ይጠብቀናል፤ ለኮሪንም ሳህን ይጨመርና እንበላዋለን።